ትንሿ ባለአበባ ቁልቋል፦ በመጠለያ ጣቢያ ቤት ውስጥ አተካከሏና እንክብካቤዋ

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ልናሳድጋት ስለምንችል አንዲት ትንሽ ተክል እንነጋገራለን። ስሟ ካክተስ ነው። ብዙዎቻችን ቁልቋል እያልን እንጠራታለን።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንመልስ። ሰው ጀሪካኑን ይዞ ከቦኖ ፊት ተሰልፎ በሚውልበት ቦታ አበባ ማሳደግ ቅንጦት አይሆንም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን በቁጥር እናየዋለን። ለአሁኑ ግን ይህን ያዙ፦ አንዲት ትንሽ ካክተስ በዓመት የምትፈልገው ውሃ 3 ሊትር እንኳ አይሞላም። ከዚህ በላይ ከሰጠናት ታመሰግነናለች ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ትሞታለች። በየቤቱ ካክተስ ተተክሎ ሲጠፋ በአብዛኛው ምክንያቱ ውሃ መብዛቱ ነው። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይሄው ነው፦ ካክተስን ማሳደግ ማለት እጅን መሰብሰብ መማር ማለት ነው።

የእኛ ቁልቋልና ካክተስ አንድ ናቸው?

አይደሉም። በጎንደርና በትግራይ ገደላ ገደል፣ በአጥር ዙሪያና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የምናውቀው፣ እንደ መቅረዝ ብዙ ክንድ ያለው ትልቁ ቁልቋል በሳይንስ ኢዩፎርቢያ የሚባለው ወገን ነው። ሀገሩም አፍሪካ ነው። ካክተስ ግን ሀገሯ የአሜሪካ አህጉር ነው። ከሜክሲኮ እስከ አርጀንቲና ባለው ምድር ከ1,500 በላይ ዝርያዎች አሏት። ከእነዚህ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ በአፍሪካ ደኖችም የሚገኘው አንድ እሾህ አልባ ዝርያ ብቻ ነው፤ እሱም ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያድግ ነው። በትግራይ የሚበላው በለስ እውነተኛ ካክተስ ነው፤ ወደ ሀገራችን የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ካክተስ የሚለው ስም ደግሞ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን፣ ለእነዚህ ተክሎች የሰጣቸው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ነው።

ታዲያ ዘመድ ካልሆኑ ለምን ተመሳሰሉ? ሁለት ተማሪዎች በሁለት ክፍል ተቀምጠው አንድ ዓይነት ጥያቄ ቢሰጣቸው፣ ሳይኮራረጁ አንድ ዓይነት መልስ ሊጽፉ ይችላሉ። ለሁለቱ ተክሎች የቀረበው ጥያቄ "ዝናብ በሌለበት እንዴት ትኖራለህ?" የሚል ነበር። ሁለቱም "ቅጠሌን ትቼ ግንዴን ጎተራ አደርጋለሁ" ብለው መለሱ። ለባዮሎጂ መምህራን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል።

ሁለቱን ለመለየት ተክሉን መቁረጥ አያስፈልግም። እሾሁ የወጣበትን ቦታ ተመልከቱ። የካክተስ እሾህ የሚወጣው እንደ ጥጥ ወይም እንደ ከፋይ ለስላሳ ከሆነች ትንሽ ትራስ ላይ ነው። ብዙ ጊዜም ከአንዷ ትራስ በርካታ እሾሆች በአንድነት ይወጣሉ። የሀገራችን ቁልቋል ግን እንዲህ ያለ ትራስ የለውም፤ እሾሁ በአብዛኛው ጥንድ ጥንድ ሆኖ በጠርዙ ላይ ይሰለፋል። ሌላው ልዩነት የቁልቋሉ ነጭ ወተት ነው። ይህ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ዓይንን ሳያሹ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብና ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ቀን የምትዘጋ፣ ሌሊት የምትከፍት

ካክተስ እንዴት እንደምትኖር ካወቅን እንክብካቤዋን መሸምደድ አያስፈልገንም፤ ራሱ ይገባናል።

አንደኛ፣ እሾሆቿ የተለወጡ ቅጠሎች ናቸው። ሰፊ ቅጠል ውሃን በትነት ያባክናል፤ እሾህ ግን አያባክንም። ጥቅጥቅ ያለ እሾህ ጥላም ይሆናታል፣ ከእንስሳም ይጠብቃታል። ምግብ የማዘጋጀቱን ሥራ አረንጓዴው ግንድ ተረክቦታል።

ሁለተኛ፣ የግንዷ ሸንተረሮች እንደ አኮርዲዮን ይሠራሉ። ውሃ ስታገኝ ይነፋሉ፣ ሲጎድልባት ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ትንሽ ሸብሸብ ብላ ብናያት ሞተች ብለን መደናገጥ የለብንም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይገርማል። አብዛኞቹ ተክሎች የመተንፈሻ ቀዳዳቸውን ቀን ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባሉ፤ በዚያው ቀዳዳ ውሃቸውም ይተናል። ካክተስ ግን ቀን በፀሐይ ትዘጋለች። አየሩ ሲቀዘቅዝ ሌሊት ትከፍትና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በአሲድ መልክ ታጠራቅማለች። በማግስቱ በሯን ዘግታ ያንኑ እያወጣች በብርሃን ጉልበት ምግቧን ትሠራለች። ይህ ነገር ቀድሞ የታየው በካክተስ ላይ አልነበረም። ቤንጃሚን ሃይን የተባለ ተመራማሪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በህንድ ሀገር የአንድ ተክል ቅጠል ጠዋት ሲቀመስ እንደሚኮመጥጥ፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ጣዕም እንደሌለው አስተውሎ ጻፈ። ያ ተክል የእኛው እንዳሁላ ዘመድ ነው። (ተማሪዎች፣ እናንተ ግን የማታውቁትን ተክል እንዳትቀምሱ!)

የገዳሪፍ አፈርና ካክተስ

የገዳሪፍ ምድር በማሽላና በሰሊጥ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በትራክተር የሚታረሰው ይህ ሰፊ ሜዳ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። በኡም ራኩባም ሆነ በቱናይድባ ክረምት ሲገባ ጫማችንን ይዞ የሚያስቀረው እሱው ነው። ዋልካ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ውሃውንም ለረጅም ጊዜ አይለቅም። ሲደርቅ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ለማሽላ ይህ በረከት ነው፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላም እርጥበት ያቆይለታል። ለካክተስ ግን መቃብሯ ነው። ሲያብጥ ሥሯ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ሲሰነጠቅ ደግሞ ቀጫጭን ሥሮቿ ይበጣጠሳሉ።

ስለዚህ አፈሩን እኛው እናዘጋጃለን፦

1. ሻካራ የወንዝ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር፣ 2 ጣሳ። አሸዋው አቧራና ጭቃ ካለው በውሃ ይታጠብና ይድረቅ።
2. ተራ አፈር፣ 1 ጣሳ። ከዛፍ ሥር የተወሰደ ቢሆን ይመረጣል። ዋልካ ብቻ ከሆነ ያለን ግማሽ ጣሳ ይበቃል።
3. በደንብ የተፈጨ የሸክላ ጡብ ስባሪ ወይም የከሰል ርጋፊ፣ ግማሽ ጣሳ። አመድ ግን አይገባም።
4. ትኩስ ፍግ አይጨመርም። ፍግ ግንዱን ያወፍረዋል እንጂ አበባ አያመጣም፤ ያለሰለሰው ግንድም ቶሎ ይበሰብሳል።

ድብልቁ ደህና መሆኑን ለማወቅ ጣሳው ውስጥ ጨምራችሁ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው ወዲያው ሰርጎ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከታች መውጣት ከጀመረ ጥሩ ነው። ላዩ ላይ ተኝቶ ከቆየ አሸዋ ጨምሩ።

ዕቃውስ? የቲማቲም ድልህ ወይም የወተት ጣሳ፣ የተቆረጠ ጀሪካን፣ የሸክላ ማሰሮ ሁሉም ይሆናል። ዋናው ነገር ከሥሩ በሚስማር 5 ወይም 6 ቀዳዳ መበሳቱ ነው። የቆርቆሮ ጣሳ በሚያዝያ ፀሐይ እንደ ምጣድ ስለሚግል ሥሩን ይቀቅለዋል። ስለዚህ ጣሳውን በጆንያ ቁራጭ ጠቅልሉት፣ ወይም ከፍ ባለ ዕቃ ውስጥ አስቀምጣችሁ መሐሉን በአሸዋ ሙሉት።

ብርሃን

"የበረሃ ተክል ስለሆነች ፀሐይ ላይ ጣላት" የሚሉ አሉ። ይሄ ግማሽ እውነት ነው። ትንንሾቹ ክብ ካክተሶች በትውልድ ሀገራቸው ብዙ ጊዜ ከቁጥቋጦና ከድንጋይ ጥላ ሥር ነው የሚበቅሉት። በእኛ አካባቢ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። በዚያ ሰዓት ቀጥታ ፀሐይ ካገኛት ቆዳዋ ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ሆኖ ይጠበሳል፤ ጠባሳውም አይለቅም።

ተስማሚው ቦታ ራኩባ ነው። ከሣርና ከእንጨት የተሠራው ዳስ ብርሃኑን አጥልሎ ያስገባል፣ ነፋስም ያሳልፋል። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ቀጥታ ፀሐይ ብታገኝ፣ ከዚያ በኋላ በራኩባ ጥላ ብትውል በቂዋ ነው። በፕላስቲክ ሸራ ወይም በቆርቆሮ የተዘጋ ቤት ውስጥ ግን ቀን አታስቀምጧት፤ ሙቀቱም ጨለማውም ይጎዳታል። ብርሃን ያጣች ካክተስ አናቷ እየሾለና እየቀጠነ ወደ በሩ ትዘማለች፣ አበባም አታወጣም። ከጥላ ወደ ፀሐይ ስታወጧት በአንድ ቀን አይሁን፤ በ2 ሳምንት ውስጥ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ አለማምዷት። ሀቡብ ካለፈ በኋላ ደግሞ አቧራውን ለስላሳ በሆነ ብሩሽ አራግፉላት።

ውሃ፦ መቼና ምን ያህል?

ደንቡ አንድ ነው። አፈሩ እስከ ታች ሳይደርቅ አይጠጣም። ይህን ለማወቅ ቀጭን ደረቅ እንጨት በጣሳው ጠርዝ እስከ ሥር ድረስ ሰክታችሁ ጥቂት አቆይታችሁ አውጡት። አፈር ይዞ ወይም ረጥቦ ከወጣ ተዉት። ደረቅ ከወጣ አንድ የሻይ ብርጭቆ፣ ማለትም 100 ሚሊ ሊትር ያህል ስጧት። ውሃው በአፈሩ ላይ ይፍሰስ እንጂ በአናቷ ላይ አይሁን። ሰዓቱም ምሽት ቢሆን ይሻላል።

በገዳሪፍ የአየር ጠባይ በአንድ ትንሽ ጣሳ ላለች ካክተስ የሚከተለው መነሻ ይሆናል፦

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፦ በየ7 ወይም 8 ቀኑ፣ በጠቅላላው 12 ጊዜ ያህል።
ከሰኔ እስከ መስከረም፦ ይህ ሱዳኖች ኸሪፍ የሚሉት የዝናብ ወቅት ነው። ዝናብ እንዳይመታት ከጣሪያ ሥር ትግባ። አፈሩ ቶሎ ስለማይደርቅ በወር 1 ጊዜ፣ በጠቅላላው 4 ጊዜ ይበቃል። ብዙ ካክተስ የሚሞተው በዚህ ወቅት ነው።
ጥቅምትና ኅዳር፦ በየ12 ቀኑ፣ በጠቅላላው 5 ጊዜ።
ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፦ በወር 1 ጊዜ፣ በጠቅላላው 3 ጊዜ። ይህ የዕረፍቷ ጊዜ ነው።

ስንደምረው 24 ብርጭቆ፣ ማለትም 2.4 ሊትር ነው። የዓመት ፍጆታዋ ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ስምንተኛውን እንኳ አይሞላም። በሌላ በኩል የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ለመጠለያ ጣቢያዎች ያስቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ነው። ብዙ ጊዜ ያ ልክ እንደማይደርሰን ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም አንዲት ካክተስ የማንንም የመጠጥ ውሃ አትሻማም። ሩዝ ወይም ምስር የታጠበበትን ውሃም መስጠት ይቻላል። ሳሙና ወይም ጨው ያለበት ግን አይሆንም።

አበባዋ እንዲመጣ

ለቤት ከሚሆኑት ካክተሶች ለጀማሪ የሚመቹት ማሚላሪያ የሚባሉት ናቸው። አብዛኞቹ ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው። እንደ ኳስ ክብ ሆነው፣ በአናታቸው ዙሪያ ትንንሽ አበቦችን እንደ አክሊል ይደረድራሉ። አበባው ነጭ፣ ቢጫ ወይም ደማቅ ሮዝ ይሆናል።

አበባ እንዲመጣ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ ዕድሜ ነው፤ ከዘር የበቀለች ብዙ ጊዜ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ትፈልጋለች። ከእናቷ ተገንጥላ የተተከለች ግን ትቀድማለች። ሁለተኛ ዓመቱን ሙሉ በቂ ብርሃን ነው። ሦስተኛው ያ የታኅሣሥና የጥር ዕረፍት ነው። ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲልና ውሃው ሲቀንስ ማደጓን ታቆማለች። በየካቲት መጨረሻ ውሃው ሲመለስላት እምቡጥ ታወጣለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በበጋው "ደረቀችብኝ" ብሎ በየሳምንቱ ያጠጣታል፣ ከዚያ ለምን አላበበችም ይላል። ዕረፍቷን የተነፈገች ካክተስ አረንጓዴ ሆና ትኖር ይሆናል እንጂ ማበቧን እንጃ!

እምቡጥ ከታየ በኋላ ጣሳውን ከቦታ ቦታ አታዘዋውሩ፣ አታዙሩትም። ብርሃኑ አቅጣጫ ሲቀይርባት እምቡጡን ልትጥል ትችላለች።

ማባዛትና ማካፈል

ማሚላሪያ ስትጎለምስ ብዙውን ጊዜ ከጎኗ ጫጩቶች ታወጣለች። ጫጩቷ አውራ ጣት ስታክል በታጠፈ ወረቀት ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ጠምዝዛችሁ ገንጥሏት። ከዚያ ወዲያው አትትከሏት። ቁስሏ እስኪደርቅ ለ7 ቀን ያህል ጥላ ውስጥ በወረቀት ላይ ትቀመጥ። ከዚያ በደረቅ ድብልቅ አፈር ላይ አስቀምጧት፤ የመጀመሪያውን ውሃ ከ10 ቀን በኋላ ጥቂት ስጧት። ሥር እስክታበጅ በየቀኑ እየነቀላችሁ አትዩ።

እዚህ ላይ ለእኛ ትርጉም ያለው ነገር አለ። "ነገ እንሄድ ይሆናል፣ ምን ብዬ እተክላለሁ?" የሚለውን ቃል በየሰፈሩ እንሰማለን። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሳ በኋላ ደግሞ ሰው ከተቀመጠበት ስንት ጊዜ እንደተነሳ እናውቃለን። መንጎና ሎሚ ለተካይ ሥር ሰድደው ይቀራሉ። የካክተስ ጫጩት ግን በወረቀት ተጠቅልላ ያለ አፈርና ያለ ውሃ ለሳምንታት ትቆያለች። የሚሄድ ሰው በኪሱ ይዟት ሊሄድ ይችላል፤ እናቲቱን ደግሞ ለጎረቤት ይተዋል። ስለዚህ ካክተስ ለመትከል መቼ እንደምንሄድ ማወቅ አያስፈልገንም።

በሽታና ተባይ

ከታች ጀምራ ከለሰለሰችና ቡናማ ከሆነች መበስበስ ገብቷል ማለት ነው። በእሳት በተለበለበ ንጹሕ ቢላ የተበላሸውን ክፍል፣ ውስጡ ምንም ቡናማ ነጥብ እስከማይታይበት ድረስ ቁረጡ። ደህናውን አናት እንደ ጫጩት አድርቃችሁ ትከሉ።

በእሾሆቿ መሐል እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ካያችሁ ተባይ ነው። በቀጭን እንጨት ላይ ጥጥ ጠምጥማችሁ፣ በአልኮል ወይም በሳሙና ውሃ ነክራችሁ አንድ በአንድ ጥረጉት። በሳምንቱ ድገሙት። በበለስ ላይ የሚታየው ተመሳሳይ ነጭ ተባይ ኮቺኒል ይባላል፤ ሲጨፈለቅ ደም የሚመስል ቀይ ቀለም ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ይህን ቀለም ለማምረት ተብሎ ወደ ትግራይ ከገባ በኋላ ከቁጥጥር ውጭ ወጥቶ በደቡብ ትግራይ ብዙ የበለስ ማሳ አጥፍቷል።

ጥንቃቄ

ጣሳው ሕፃናት በማይደርሱበት ከፍታ ይቀመጥ። እሾህ ከወጋ በወረንጦ ይነቀላል። እንደ ፀጉር የደቀቀው እሾህ ደግሞ በፕላስተር ተለጥፎ ይነሳል።

ሌላው፣ የካክተስ ቁራጭ ሜዳ ላይ ወይም ወደ ኾር አይጣል። ጎርፍ ወስዶት የትም ሊበቅል ይችላል፤ በተለይ የበለስ ወገን የሆነው። የመስኪትን ታሪክ አስታውሱ። ይህ እሾሃማ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ ሱዳን የገባው ለበጎ ነበር። በከሰላ፣ በጋሽና በኒው ሐልፋ እርሻውንና ቦዩን ወረረ፤ የሱዳን መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1995 እንዲጠፋ እስከ መወሰን ደረሰ።

በመጨረሻም "የበረሃ ጽጌረዳ" የምትባለው፣ ግንደ ወፍራሟና ሮዝ አበባ ያላት የቆላ ተክል ካክተስ አይደለችም። እንክብካቤዋ ተቀራራቢ ቢሆንም ፈሳሿ መርዝ ነው፤ በአንዳንድ የአፍሪካ አካባቢዎች ለፍላጻ መርዝ ይቀቡት ነበር። ልጆች ባሉበት ቤት ባትገባ ይሻላል።

ለክፍል ሥራ

መምህራን፣ ቤተ ሙከራ የለንም ብለን አንቁም። አንድ ጣሳና አንድ ማስመሪያ ይበቃሉ። ተማሪዎች በየሳምንቱ ዓርብ ይህን ይመዝግቡ፦

1. የካክተሷን ዙሪያ በክር ለክታችሁ በሚሊ ሜትር ጻፉ። ውሃ ከመስጠታችሁ በፊትና ከ3 ቀን በኋላ ልዩነት አለ?
2. ሁለት ጣሳ ውሰዱ፤ አንዱን በዋልካ፣ ሌላውን በአሸዋ ድብልቅ ሙሉ። እኩል ውሃ አፍስሱ። የትኛው ስንት ቀን ረጥቦ ቆየ?
3. የክፍላችሁ ተማሪዎች በሙሉ አንድ አንድ ካክተስ ቢኖራቸው በዓመት ስንት ሊትር ውሃ ያስፈልጋል? ከአንድ ቤተሰብ የአንድ ቀን ውሃ ጋር አወዳድሩ።

መዝገቡን በአንድ ደብተር ላይ አቆዩት። አንዱ ተማሪ ቢሄድ ሌላው ይቀጥላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ የዓመት መዝገብ ያለው ክፍል ስለ አንድ ተክል ከመጽሐፍ ያላገኘውን ያውቃል።